ኖራው ሲርስ

መጀመሪያ ይቺን ልንገራችሁና ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉኝ፤ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ፊቴን አዙሬ ክሬን በመርፌ የማስገባ ሰው ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ወረታ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ በር ያላት ሱቅ አለችኝ፣ የማምነውም በሜትር የለካሁትን ነው። እግዜርን አምናለሁ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ነገር ግን እገሌ የሞተ ጎረቤቱን ገበያ መሀል አየው፣ እገሊትን ባዶ ቤት ውስጥ በስሟ ጠሯት ሲሉኝ፣ ንፋስ ነው፣ ድመት ነው፣ ጠላ ነው እያልሁ ስንቱን ሰው አፍ አስይዣለሁ፣ ደንበኞቼ ይመስክሩ።

እንዲህ የሆንሁበት ምክንያት አለኝ። ገና ሕፃን ሳለሁ ልምሻ እግሮቼን ሲወስዳቸው፣ እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ተሸክማ ያልወሰደችኝ ቦታ የለም፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ብቻ ሦስት በጋ ነክራኛለች። እዚያ ከትኩሱ ውኃ ውስጥ ተቀምጬ፣ አጠገቤ ያሉት ሴቶች ትናንት አንዱ ሽባ ተነስቶ ሄደ ሲሉ እሰማና ቶሎ ብዬ እግሬን አያለሁ፣ እግሬ ያው እግሬ ነው። አንድም ቀን ተነስቶ የሄደውን ሰውዬ ራሱን አላየሁትም፣ ሁልጊዜ ትናንት ነው የሚሄደው። ከዚያ ወዲህ በዓይኔ ያላየሁትን ነገር አላምንም። የዚህኛው ችግር፣ እመኑኝ፣ በዓይኔ ማየቴ ነው።

እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በእጄ እየዳህሁ ነው የኖርሁት። ከዚያ ባሕር ዳር ያለ አንድ ድርጅት ዊልቸር ሰጠኝ፣ ወረታ ሰው እስካሁን ጋሪዋ ነው የሚላት፣ ይኸው በእሷ ላይ ተቀምጬ በእጅ የምትዞር የስፌት መኪናዬን እያዞርሁ ሰው ሆንሁ፣ ቤት ተከራየሁ፣ እናቴን በወግ ቀበርሁ። ሱቄን ስከፍት ደግሞ በሩ ላይ ስሜን እንዲጽፍልኝ አንድ ሰዓሊ ጠራሁ፣ አንተነህን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አንተነህ የአንበሳሜ ልጅ ነው። ወረታ ውስጥ ሥጋ ቤት ብትሉ ፀጉር ቤት ብትሉ፣ በር ላይ ያለው ጽሕፈት የእሱ እጅ ነው፣ ባጃጁ ላይ ያለው መላእክት ሁሉ የእሱ እጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አንደኛውን ሱሪውን ብቻ እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ የሚሄድ፣ ለምን አንደኛውን ብቻ ብትሉት መልስ የሌለው። የእኔን ስም አንድ ቀን የሚፈጀውን አራት ቀን ጻፈው። ከዚያ ወዲያ ሥራውን ሲጨርስ እየመጣ ደፌ ላይ ተቀምጦ ማውራት ሆነ፣ አራት ዓመት እንዲሁ። እናቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው፣ ሰው በሸክላ ሠሪ ልጅ ላይ የሚለውን ታውቃላችሁ፣ በእኔ ላይ የሚለውንም ታውቃላችሁ፣ እኛ ሁለቱን አምጥተን መሀላችን እናስቀምጥና እንስቅበት ነበር። ሽማግሌ እልካለሁ ሲለኝ፣ ለማን ትልካለህ፣ እናት የለኝ አባት የለኝ፣ ሽማግሌዎቹን እዚሁ ሱቅ ላካቸውና ልብሳቸውንም በዚያው እጠግንላቸዋለሁ እለዋለሁ። ለከርሞ ፋሲካ ልንጋባ ተባብለን ነበር።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄጄ ግድግዳው ላይ የተሳለ ሥዕል አየሁ። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ጉልበቱን ያያል፣ ከኋላው ነጭ ጋወን የለበሰች ሴት ትገፋዋለች፣ ፊቷ እንዴት ደስ ይላል፣ የሱን ፊት ግን ሰዓሊው ለመሳል እንኳ አልደከመበትም። ሱቅ እንደተመለስሁ አንተነህን ያዝሁት። እናንተ ሰዓሊዎች ዊልቸር ስትስሉ ሁልጊዜ ከኋላ የሚገፋ ሰው አለ፣ እኔን ማን ሲገፋኝ አይተህ ታውቃለህ አልሁት። አሰበ፣ አላውቅም አለ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረም። ዝም ሲል ነገሩ ገብቶታል ማለት እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት።

ያኔ ጋሼ ሙላት የሚባሉ ሽማግሌ፣ የሩዝ መፈልፈያ ያላቸው፣ ከመፈልፈያቸው ፊት ለፊት ከመንገዱ ማዶ ረጅም የግንብ አጥር አሠርተው ነበርና፣ የፎገራን ነገር ሁሉ ሳልልኝ ብለው አንተነህን ቀጠሩት። ሁለት ሳምንት እዚያ ከረመ። እስክጠራሽ በዚያ በኩል እንዳትመጪ ብሎኝ ስለነበር አልሄድሁም፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣና ነይ አለኝ።

ያን ግድግዳ ብታዩት። በዚህ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የፎገራ ላሞች ውኃ ውስጥ ቆመው፣ በዚያ ጫፍ ሴቶች ሩዝ ሲያበራዩ፣ ወንዶች ሲያጭዱ፣ ከሩቅ ሐይቁ። መሀሉ ላይ፣ ከአረንጓዴው ሩዝ መካከል፣ እኔ። ዊልቸሬ ላይ ተቀምጬ ጎማዬ ግማሹ ውኃ ውስጥ፣ እጆቼ ጎማው ላይ፣ ከኋላዬ ማንም የለም፣ ጥርሴ ሁሉ እስኪታይ እስቃለሁ። እኔ እኮ ሩዝ ማሳ ውስጥ በሕይወቴ ገብቼ አላውቅም፣ በየት በኩል እገባለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ደቂቃ ደስ አለኝ፣ የሚያህለኝ አልነበረም። ግን አልነገርሁትም። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ቆንጆ ነው ብቻ አልሁት።

ነገ ሲመጣ ሰው መጣ። አንዷ ደንበኛዬ፣ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ቀሚሷን እየለካኋት ለልመና ነው እንዴ የሳሉሽ አለችኝ። ሌላው የትኛው ድርጅት እንዳሠራው ጠየቀኝ። የትምህርት ቤት ልጆች ሳልፍ ግድግዳዋ መጣች ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ደግሞ ከአውቶቡስ የወረዱ መንገደኞች ሥዕሉ ስር ቆመው ፎቶ ሲነሱ፣ አንዲቱ ከንፈሯን ስትመጥ በጆሮዬ ሰማሁ፣ ለዚያች ለምትስቀዋ ለእኔ ነው የምትመጥላት። ላሞቹን አልፋ፣ ሴቶቹን አልፋ፣ ሐይቁን አልፋ መጥታ ለእኔ። ያን ቀን ማታ አንተነህ ደፌ ላይ ሲቀመጥ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም።

«አጥፋው» አልሁት።

«ምኑን?»

«እኔን።»

«ከልብሽ ነው የሺ?» አለኝ። ከልቤ ነው አልሁት። መልሶ ጠየቀኝ፣ ያን ጊዜ ነው ያችን ቃል ያወጣኋት፣ ዛሬም ባስታወስሁ ቁጥር ምላሴን የምነክስባትን።

«አንተም እንደ ሰው ሁሉ የምታየው ወንበሩን ነው። አራት ዓመት ሙሉ ወንበሩን ስታይ ነው የኖርኸው።»

ተነሳ፣ ደህና እደሪ አለኝ፣ ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት ኖራ በጥብጦ እኔን ብቻ አጠፋኝ፣ ሌላውን አልነካውም። ከአረንጓዴው ሩዝ መሀል በር የሚያህል ነጭ ነገር ቀረ። ለጋሼ ሙላት ቀለሙ ተበላሽቶብኝ ነው፣ ሲደርቅ እመለስበታለሁ አላቸው። ከዚያ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ትምህርት ቤት ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ሳይሰናበተኝ። እኔም አልደወልሁለትም፣ እሱ ይደውል አልሁ። ምናልባት እሱም እሷ ትደውል ብሎ ይሆናል። አንድ ወር እንዲህ ሆነን፣ ሰኔ አለቀ፣ ሐምሌ ገባ፣ አንድ ጠዋት ባጃጅ የሚነዳ ልጅ፣ ባጃጁን አንተነህ የጻፈለት፣ ሱቄ በር ላይ ቆሞ መግባት ፈራ። ወባ ነው አለኝ። ሐይቁ ዳር ይዞት፣ እናቱ ቤት ሄዶ ተኝቶ፣ በአምስተኛው ቀን። ሲነግረኝ ከተቀበረ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር።

አንበሳሜ ሄድሁ። ዊልቸሬን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስረው፣ እኔን አቅፈው ከፊት አስቀምጠው። እናቱ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ጥቂት ሴቶች ተቀምጠዋል፣ እናትየው በር ላይ ወጥተው ከመኪና ሲያወርዱኝ ቆመው አዩኝ። ትንሽ ሴት ናቸው፣ በእጃቸው ስንጥቅ ውስጥ ጭቃ የደረቀ። የማን ልጅ ነሽ አሉኝ፣ የሺ ነኝ፣ ከወረታ አልኋቸው። አንቺ ነሽ አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ከእኔ ዝቅ ብለው፣ እጄን ያዙ። ብዙ ካለቀስን በኋላ ነው የተናገሩት።

«አራት ዓመት ስለ አንቺ አውርቶልኛል። ሳቅሽን ነግሮኛል፣ ቁጡ እንደሆንሽ ነግሮኛል፣ ክር በጥርስሽ እንደምትበጥሺ ነግሮኛል። ይሄን ግን አንድም ቀን አልነገረኝም» አሉና ወንበሬን በእጃቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

አፍሮብኝ ይሆናላ አልኋቸው። እንባቸውን ጠርገው ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጄ የሚያፍርበትን አይደብቅም። እኔን መች ደብቆኝ ያውቃል? ትዝ ሳይለው ቀርቶ ነው እንጂ።»

ትዝ ሳይለው ቀርቶ። ይህን ይዤ ነው ወደ ወረታ የተመለስሁት። እኔ ወንበሩን ነው የምታየው ያልሁት ሰው፣ ለገዛ እናቱ ወንበር እንዳለኝ መንገር አራት ዓመት ሙሉ ትዝ አላለውም። ከዚያ በኋላ ቀሚስ ስቆርጥ፣ ኮሌታ ስገለብጥ፣ መኪናዬን ሳዞር፣ ይህችው ናት የምትመላለስብኝ። በመፈልፈያው መንገድ ማለፍ አቃተኝ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞሬ ቤቴ መግባት ጀመርሁ፣ መንገዱ እጥፍ ነው፣ ክንዴ እስኪዝል እገፋለሁ፣ ግን ያን ነጭ ነገር ከማይ ይሻለኛል።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣላችሁ። ነሐሴ ነው፣ ክረምቱን ታውቁታላችሁ፣ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ሐይቅ የመሰለበት ጊዜ ነው፣ ከብቱን ሁሉ ወደ ደረቁ አውጥተውታል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ልብ በሉ፣ ማታ አይደለም፣ እንቅልፍ አይደለም፣ ጠላም አልቀመስሁም፣ ደመናው ሲጠቁር ጊዜ ሳይዘንብ ልግባ ብዬ ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስሄድ መንገዱን ውኃ ቆርጦታል፣ ሰዎች ጫማቸውን አንጠልጥለው ይሻገራሉ፣ ለእኔ የሚሆን አይደለም። ምን ላድርግ፣ ተመለስሁና በመፈልፈያው መንገድ ገባሁ፣ ዓይኔን መሬት መሬት ላይ አድርጌ፣ ሳላይ አልፋለሁ ብዬ።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር መፈልፈያው አይሠራም፣ ሌላ ቀን ጆሮ የሚያደነቁረው ቦታ ጭጭ ብሏል። ሰውም የለ። ልክ አጥሩ መሀል ስደርስ ዝናቡ ወረደ፣ ላስቲኬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ልገፋ ስል የፊት ጎማዬ ጭቃ ውስጥ ስምጥ አለ። ወደ ፊት ብል፣ ወደ ኋላ ብል፣ ወይ ፍንክች። የቆመችብኝ ቦታ ደግሞ የት መሰላችሁ፣ ፊቴ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ያ ነጭ ነገር ትክክል ከፊቴ፣ አሥር ክንድ ቢርቅ ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። ቀጭን ነገር፣ ኳ ኳ የምትል፣ ሁለቴ። ከቆርቆሮ ላይ ጠብታ ነው አልሁ፣ አንድ ጣሳ ላይ ይንጠባጠባል። ዝም አለ። ቆይቶ ደግሞ ኳ ኳ። ጠብታ እንዲህ አይደለም፣ ጠብታ ሦስትም አራትም ይሆናል፣ ይፈጥናል ይዘገያል፣ ይሄ ሁለቴ ብሎ ዝም፣ ሁለቴ ብሎ ዝም ነው። አንተነህ ቡርሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ ሲያወጣ የጣሳውን አፍ ሁለቴ መታ መታ ያደርግ ነበር፣ ሱቄ በር ላይ አራት ቀን ሙሉ የሰማሁት እሱን ነው። እጄ ጎማው ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ቤንዚን ሸተተኝ፣ ቀለሙን የሚያቀጥንበት ዓይነት፣ ያም ባጃጅ ያለፈ ነው ልበል ብዬ ነበር፣ ግን ባጃጅ አላለፈም፣ በዚያ ዝናብ ምን ባጃጅ ያልፋል።

ግድግዳውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ኖራ ውኃ ሲጠጣ ከሥሩ ያለውን እንደሚያሳይ አውቃለሁ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም፣ የቤቴን ግድግዳ በየዓመቱ የማስለቀልቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ጎማው ክብ ሆኖ ሲወጣ አልደነገጥሁም። ያ ነጭ ነገር ግራጫ እየሆነ፣ እየቀለለ፣ አረንጓዴው ከሥሩ መጣ፣ የሽቦዎቹ መስመር መጣ፣ እጆቼ መጡ፣ ከዚያ ፊቴ፣ ጥርሴ። ያች የምትስቀዋ። ልቤ ቅቤ ሲቀልጥ እንደሚሆነው ሆነ፣ እንባዬ ከዝናቡ ጋር ወረደ። በሌላ ሰው ዓይን እንዲህ ነበርሁ እኮ፣ እያልሁ።

ከዚያ ከእኔ ኋላ፣ በቀኝ በኩል፣ ሌላ ጥቁረት መውጣት ጀመረ።

እድፍ ነው አልሁ፣ ዝናቡ ከላይ ያወረደው አፈር ነው አልሁ። ጥቁረቱ እየረዘመ፣ ሁለት ሆኖ ወደ ታች ወረደና እግር ሆነ። አንደኛው እግር ሱሪው እስከ ጉልበት የተጠቀለለ ነው። እኔ ያን ሥዕል ስፌቴን እንደማውቀው ነው የማውቀው፣ ወረታ በሞላ ያውቀዋል፣ ከኋላዬ ማንም አልነበረም፤ ማንም። አሁን ግን ሰው ቆሟል። አይገፋኝም፣ የወንበሩን እጀታ አልያዘም፣ እጆቹን ባዶ ወደ ታች ጥሎ ዝም ብሎ ቆሟል። ደረቱ መጣ፣ ትከሻው መጣ፣ አንገቱ መጣ። ፊቱ ጋ ሲደርስ ኖራው አልራሰም። ዝናቡ በሌላው ሁሉ እየወረደ፣ እዚያች ሳህን የምታህል ቦታ ላይ ኖራው ደረቅ እንደሆነ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ስሙ ነው። ከዚያ፣ «ከልቤ አልነበረም» አልሁ፣ «አጥፋው ያልሁህ ከልቤ አልነበረም፣ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር፣ ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ነው።» ለግድግዳ ነው የማወራው፣ እኔ፣ ሰው ሁሉ ላይ ስስቅ የኖርሁት። ኳ ኳታው ቆሟል። ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው፣ እኔ ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ሰው ሲያዳምጣችሁ የሚሰማችሁ ነገር አለ አይደል፣ እሱ ይሰማኝ ነበር።

የመፈልፈያው በር ሲንቋረር ሰማሁ፣ ጋሼ ሙላት ጃንጥላ ይዘው እየተንገዳገዱ ወጡ።

«እናንተ ልጆች፣ በዚህ ዝናብ ምን ታደርጋላችሁ?» አሉ።

እናንተ ነው ያሉት። ጋሼ ሙላት እኔን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አንቺ ነው የሚሉኝ። ብቻዬን ነኝ ጋሼ፣ ጭቃ ይዞኝ ነው አልኋቸው። ቀርበው ጃንጥላውን በላዬ ዘረጉና ከራሴ በላይ ወዲያ ወዲህ አዩ።

«ሰውየውሳ?»

«የቱ ሰውዬ ጋሼ?»

«ከኋላሽ ቆሞ የነበረው ነዋ። በመስኮት ሳይ ከኋላሽ ቆሟል፣ ሊገፋሽ አቅቶት መስሎኝ ላግዘው ብዬ እኮ ነው የወጣሁ። የት ሄደ?»

ወደ ግድግዳው አመለከትኋቸው፣ ምን ይታይዎታል አልኋቸው። ዓይናቸውን አጥብበው ቢያዩ፣ ቢያዩ፣ አንቺ ትመስይኛለሽ፣ ሌላው እንጃ፣ ዓይኔን እንደምታውቂው ሞራ ይዞታል አሉኝ። ሞራ የያዘው ዓይን ሰውየውን በመስኮት እንዴት እንዳየው አልጠየቅኋቸውም። ጆንያ ተሸካሚዎቹን ጠርተው ሁለት ሆነው ከነወንበሬ አንስተው አወጡኝ፣ ዝናቡም ወዲያው አባራ፣ ፀሐይ ብልጭ አለ፣ እነሱ ጎማዬን በእንጨት ሲፍቁልኝ ግድግዳው ዓይኔ እያየ ነጣ። መጨረሻ የጠፋው የተጠቀለለው ሱሪ ነው።

በማግሥቱ ተመለስሁ። የሁለት ቀን ሥራ ትቼ፣ በጀሪካን ውኃ አስቀድቼ፣ ሰው እብድ ነች ቢለኝም ይበል ብዬ፣ ኖራው ላይ አስደፋሁበት። ጎማው ወጣ፣ እጆቼ ወጡ፣ ሳቄ ወጣ። ከኋላዬ ሩዝ ብቻ ነው፣ አረንጓዴ ሩዝ። ደግሜ አስደፋሁ፣ ሌላ ቀንም፣ ዶፍ በሚወርድበት ቀንም ሄጄ አየሁት፣ ብቻዬን ነኝ። አንዳንዱ ምናልባት ኖራ ከመቀባቱ በፊት ራሱን ጨምሮ ስሎ ይሆናል ይለኛል፣ እኔም አስቤው ነበር፣ እንዲያ ቢሆንማ እንዴት ደስ ባለኝ፣ ታዲያ ውኃ ሲደፋበት ለምን አይወጣም? ጋሼ ሙላት ኖራውን ላስፍቀውና ይታይ አሉኝ። እባክዎ ይተዉት አልኋቸው። ቢፋቅና ከኋላዬ ሰው ቢኖር ምን እንደምሆን አላውቅም፣ ባይኖርም ምን እንደምሆን አላውቅም።

ይሄ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። አምና ጋሼ ሙላት ባሕር ዳር ሄደው ሞራውን ተገፈፉ፣ አሁን ከእኔ የተሻለ ያያሉ፣ ቀዳዳ ኪሳቸውን ሊያሰፉኝ ሲመጡ የመርፌዬን ቀዳዳ እንኳ ያሳዩኛል። አንድ ቀን ሥራ ስንጨርስ ያን ሰውዬ ያስታውሱታል ወይ አልኋቸው። አስታውሰዋለሁ እንጂ አሉኝ፣ ረጅም ነው፣ መልኩን አላየሁም፣ እጁን ወደ ታች ጥሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ግድግዳውን ያይ ነበር ወይ አልኋቸው፣ ይህንን ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ፈርቼ ኖሬያለሁ። ኪሳቸውን እየዳበሱ ትንሽ አሰቡ።

«ኧረ የለም» አሉኝ፣ «ግድግዳውን መች አየና። አንቺን ነበር የሚያየው፣ አናትሽን።»

ለማንም ያልነገርሁትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ያች ኳ ኳ የምትለው ድምፅ፣ ከግድግዳው አልነበረም የምትመጣው። ከኋላዬ ነበር። ያን ጊዜም አውቄዋለሁ፣ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ፣ ቤንዚኑም የሸተተኝ ከኋላዬ ነው፣ የሚያዳምጠኝም ከኋላዬ ነው። እኔ ግን ሥዕሉን አያለሁ። ይቅር በለኝ ስል ለሥዕሉ ነው የምለው፣ ሳለቅስ ለሥዕሉ ነው፣ ጋሼ ሙላት በሩን እስኪከፍቱ ድረስ ከሥዕሉ ዓይኔን አላነሳሁም። ሰው ሲጠይቀኝ ወንበሬን ጭቃ ይዞት መዞር አልቻልሁም እላለሁ፣ ወንበሬን ጭቃ ይዞት ነበር፣ እሱ እውነት ነው። አንገቴን ግን ምንም አልያዘውም ነበር።